በአፌ ያለፈው ቃል

አባቴ "እኛ ወራሾች ነን" ማለት ይወድ ነበር። የሚወርሰው ነገር ግን አልነበረውም። አሰላ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። የፊተኛዋ ክፍል ከነበረንዳዋ የአባቴ ልብስ ስፌት ናት፤ የኋለኛዋ መኝታችንም ጓዳችንም ናት። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። ሐምሌ ላይ እናቴ ጎድጓዳ ሳህን ከሥሩ ስታስቀምጥ አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ "አይዞሽ፣ እኛ እኮ ወራሾች ነን" ይላታል። እናቴም ዞር ብላ ሳታየው "እንግዲያው ወራሹ፣ ያንን የሞላውን ሳህን ደፍተህ አምጣልኝ" ትለዋለች። ይስቃል፤ ተነሥቶም ይደፋል።

እኔ አልስቅም ነበር። በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ቁጣዬን እንደ ቁም ነገር እይዘው ነበር። የአባቴ አያቶች ከሸዋ መጥተው በዲክሲስ በኩል ርስት የያዙ ሰዎች ናቸው። ለአባቴም ከወንድሞቹ ጋር የሚደርሰው ድርሻ ነበረው። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴ የአባቶቹን ቤተ ክርስቲያን ትቶ ከከተማው ዳር ወዳለችው ትንሽ የጸሎት ቤት መሄድ ጀመረ። ወንድሞቹም የአባቶቻችንን ቤተ ክርስቲያን የተወ የአባቶቻችንን መሬት ምን ያደርግለታል ብለው ድርሻውን ያዙበት። ዳኛ ፊት አላቆማቸውም። ልብስ ስፌት ተማረና ከተማ ገባ። በጥርና በየካቲት እህል የጫኑ መኪኖች ከዲክሲስ በኩል ወርደው በበረንዳችን ፊት ሲያልፉ፣ እኔ የሰው ሱሪ ጫፍ እየዘመዘምኩ "ከዚያ ውስጥ የእኛም አለበት" እል ነበር፤ አባቴ እየሰማኝ፣ እንዲሰማኝም ብዬ። እሱ ግን መኪናውን መርገጡን ይቀጥላል።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ድህነቱ ብቻ አልነበረም። እንደ ድሃ አለመኖሩ ነበር። ካለን ላይ ሲሰጥ አሰጣጡ በጣም የሚተርፈው ሰው አሰጣጥ ነው። ጨርቅ ተበላሽቶበት የሚያለቅስ ሰው ከመጣ የራሱን ጨርቅ ጨምሮ ይጠግንለታል። ሲሰድቡትም ቶሎ አይሰማውም። በገበያ "ጴንጤ" ብለው ሲጠሩት "አቤት" ይል ነበር፣ ልክ ክርስትና ስሙ ይመስል። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ መግባት ፈልጌ አቅም አጥቼ የሰው ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ይህ ሰው ምን ወርሶ ነው እንዲህ የሚዝናናው እላለሁ። እናቴ "ተይው፣ እሱ የሚያየው ሌላ ነው" ትለኛለች። እኔ የማየው ጣሪያውን ነበር።

እንዲህም ሆኜ እሑድ እሑድ ከጎኑ ቆሜ አስተረጉም ነበር። በጸሎት ቤቷ ከሚሰበሰቡት ብዙዎቹ ከዙሪያው የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አባቴ የሚሰብከው በአማርኛ ነው። "የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው። ወገብ ለመለካትና ስለ ዝናብ ለማውራት ይበቃል እንጂ ለቃሉ አይሆንም" ይል ነበር። እኔ በኦሮምኛ ተጫውቼ፣ በኦሮምኛ ተሳድቤ ያደግሁ ስለሆንኩ አስተርጓሚነቱ ለእኔ ሆነ። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ እኔ እመልሰዋለሁ። ለአራት ዓመት ያህል እንዲያ ስናደርግ አንድም ቀን አቋርጦኝ ወይም አርሞኝ አያውቅም።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀራቸው ነው፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ቅዳሜ፣ አንዲት ሴት ካፖርት በክንዷ ይዛ በረንዳችን ላይ ቆመች። ሠላሳን ያለፈች አትመስልም። ከዲክሲስ ወዲህ ካለ መንደር ቅቤ ይዛ ነው የመጣችው። ካፖርቱ የወንድ ነው፤ ከባድ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ክርኑ ላይ ትንሽ የሳሳ። አባቴ ደንበኛ ሲለካ ስለነበር ያነጋገርኳት እኔ ነኝ።

"ለሁለት ልጆች እንዲሆን ቁረጡልኝ" አለችኝ በኦሮምኛ። "አንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንዱ አራት።"

ካፖርቱን ዘርግቼ አየሁት። ደህና ነገር ነው። "ይህን የመሰለ ልብስ መቁረጥ ያሳዝናል" አልኳት። "ባለቤቱ ምን ይላል?"

"ሞቷል" አለች። "ወንድሙ ጠየቀኝ፣ ካፖርቱን። ዛሬ ካፖርቱን የጠየቀ ሰው ነገ የሚጠይቀውን አውቀዋለሁ።"

እኔም አውቀዋለሁ። በአገሩ ልማድ ባል ሲሞት ሚስቱን የሟቹ ወንድም ይወርሳታል፤ ልጆቹም መሬቱም ከብቱም ከቤተሰብ እንዳይወጡ። ዳላ ይሉታል። ዳላ በኦሮምኛ ውርስ ማለት ነው፤ ግን በገጠር ሴት ጆሮ ዳላ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ከብትና መሬት አይደለም። እሷ ራሷ ናት።

ሰውየው ክፉ አይደለም አለችኝ፤ አይማታም፣ አይሰክርም፣ ሌላ ሚስትም አለችው፣ ከእሷም ጋር ይዋደዳሉ። "ግን እኔ አልፈልግም" አለች። "ባሌን እወደው ነበር። ከልጆቹ ጋር በቤቴ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ይህን ማን ይሰማኛል? ሽማግሌዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቀመጣሉ።" ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። አላለቀሰችም፣ አልለመነችምም። ካፖርቱን አንዴ በመዳፏ አሻሸችውና ሰጠችኝ።

ቅዳሜውኑ አልደረሰላትም። አባቴ ከዘመዶቿ ዘንድ አድራ እሑድ ከጸሎት በኋላ እንድትወስድ ነገራት። እሷም ብቻዋን ከመጠበቅ ብላ መሰለኝ፣ በማግስቱ የጸሎት ቤት መጣችና ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ባዶውን የቅቤ ቅል በእግሮቿ መሃል አድርጋ ተቀመጠች።

ያን ቀን ጠዋት እኔ ከቤት የወጣሁት ከአባቴ ጋር ተኮራርፌ ነው። አጎቴ በትራክተር ማሳረስ መጀመሩን፣ በእኛ ድርሻ ላይ የነበሩትን ጭሰኞች ማስነሣቱን አንድ ሰው መጥቶ ነግሮን ነበር። አባቴ ለጭሰኞቹ አዘነ። ለራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔ ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት ዛሬ መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ ተነሥተን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ ሳንነጋገር የጸሎት ቤት ደረስን። የዚያን ዕለት ስብከቱ ስለምን ይሆን መሰላችሁ? ስለ ወራሾች።

ከጎኑ ቆሜ አስተረጉማለሁ። እግዚአብሔር ቃል ገብቷል ይላል፤ ቃል ገብቷል እላለሁ። የገባውን ቃል አያጥፍም ይላል፤ አያጥፍም እላለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ። ከዚያ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ "እናንተ የእግዚአብሔር ወራሾች ናችሁ!" አለ።

"ኢሲን ዳልቶታ ዋቃዮቲ" ማለት ነበረብኝ። ዳልቶታ ወራሾች ማለት ነው። እኔ ግን ለመጨረስ ብቻ እየተጣደፍኩ "ኢሲን ዳላ ዋቃዮቲ" አልኩ። እናንተ የእግዚአብሔር ውርስ ናችሁ፤ እሱ ወርሷችኋል። ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት። ከንፈሬን ነከስኩ። ማረም እችል ነበር፤ ግን አባቴ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አልፏል፣ እኔም ኩርፊያዬ ይበልጥብኝ ነበር። ከበሩ አጠገብ ያለችው ሴት አንገቷን ቀና ስታደርግ አየኋት።

ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "ያልሽው ባል የሞተባትንም ሴት ይጨምራል?" አለችኝ።

"ሁሉንም" አልኳትና በሌላ መንገድ ወረድኩ። ካፖርቱን አባቴ ስፌት ቤቱ እንዲያስረክባት ትቼለት ነው የሄድኩት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከጭላሎ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሳለ፣ ሦስት ሰዎች በረንዳችን ላይ ወጡ። አንዱ ነጭ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሼህ ናቸው። ሁለተኛው ቀጭን ነጠላ ብቻ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ብርድ ያቆራመደው ረጅም ሰው ነው። ከኋላቸው ያቺ ሴት ቆማለች። አባቴ ተነሥቶ ለሼሁ ወንበር ሰጣቸው። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

ረጅሙ ሰው የሟቹ ወንድም ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለጠብ አልመጣሁም" አለ። "ሽማግሌ ተቀምጦ የወንድሜን ሚስት ጠየቅናት። እሷ 'እኔ ተወርሻለሁ' አለች። ማን ወረሰሽ ስንላት፣ 'አሰላ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሂዱና ጠይቁ' አለች። እነሆ መጣን።"

ይህን ያለው በኦሮምኛ ነው፤ እናቴ ግን ከእኔ ያላነሰ ኦሮምኛ ታውቃለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ አባቴ ዞረች። "ወራሽ ነኝ ወራሽ ነኝ ስትል ለካ ነገር ነበረህ" አለችው። "ማንን ነው የወረስከው አንተ ሰውዬ?"

አባቴ መርፌ በአፉ ይዞ ስለነበር ወዲያው መመለስ አልቻለም። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

"እሱ አይደለም" አለች ሴትዮዋ። ከሁለቱ ወንዶች ኋላ ወደ ፊት መጣችና በግልጽ ተናገረች። "ረቢቱ ና ዳሌ። የወረሰኝ ፈጣሪ ነው። በጸሎት ቤታቸው እንዲህ ተብሏል። ባል የሞተባትንም ይጨምራል ተብሏል። የተወረሰች ሴት ደግሞ ሁለተኛ አትወረስም።" ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ዘረጋች። "የነገረችኝ እሷ ናት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሼሁ በቀስታ "ልጄ፣ ብለሻል?" አሉኝ።

ብያለሁ። ግን ተሳስቼ ነው ያልኩት። ተሳስቼ ነው ካልኩ ይህች ሴት በእጇ ያለው አንድ ነገር ይወሰድባታል፤ ከዚህ ወርዳ ከረጅሙ ሰው ኋላ እየተከተለች ወደማትፈልገው ቤት ትገባለች። ዝም ካልኩ ደግሞ በአባቴ ፊት፣ እግዚአብሔር አለ ብዬ፣ እሱ ባላለው ነገር መመስከሬ ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት የራሴን ምላስ ጠልቼው አላውቅም። ያን ጠዋት ጥርሴን ነክሼ ባልቆም፣ በቃሉ ባልቆጣ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

"ብያለሁ" አልኩ። "ግን እርስዎን መዋሸት አልችልም። ቃሉ የወጣው ተሳስ…"

"ቆይ" አለ አባቴ። በአራት ዓመት ውስጥ ያቋረጠኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ደረቱ ላይ ሰካ፤ ከዚያም በኦሮምኛ ተናገረ። የገበያ ኦሮምኛ አልነበረም። ለስላሳ፣ ረጋ ያለ፣ ቃል ፍለጋ የማይቆም ኦሮምኛ ነበር፤ ጆሮዬን አላመንኩም። ከፊቱ የነበረውን ያልተጨረሰ ኮት አንሥቶ ለሼሁ አሳያቸው። "ይህ ደረቱ ነው፤ ይህ ገበሩ ነው" አለ። "ሲገለበጥ ሌላ ልብስ ይመስላል፤ ግን አንድ ኮት ነው። እኛ እግዚአብሔርን እንወርሳለን ተብሎ ተጽፏል። እኛ የእሱ ውርስ ነን ተብሎም ተጽፏል። እኔ በደረቱ ሰበክሁ፤ ልጄ በገበሩ ተናገረች። ይህች ሴት የሰማችው ሐሰት አይደለም።"

ሼሁ ኮቱን ተቀብለው አገላበጡት። ገበሩን በጣታቸው ዳበሱ። "በእናንተ ስላለው እኔ አልፈርድም" አሉ በመጨረሻ። "በእኛም ቢሆን ሴትን ሳትወድ መውረስ የተከለከለ ነው። ልማድ ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም። ለአባትህም ነግሬው ነበር" አሉ ወደ ረጅሙ ሰው ዞረው። "የሚጠይቀኝ የለም እንጂ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ነው የምለው።"

ሰውየው ራሱን አከከ። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ የተጨነቀ እንጂ። "እኔስ ወድጄ መሰላችሁ?" አለ። "የወንድሜ ልጆች ናቸው። ማን ያርስላታል?"

"አጎት ነህ" አሉት ሼሁ። "ለማረስ የግድ መውረስ ያስፈልጋል?" በአማርኛ ስጽፈው ቤት መታልኝ እንጂ እሳቸው በኦሮምኛ ነው ያሉት፤ ሰውየውም በቃሉ ሳይሆን በእውነቱ ነው የተረታው። ማረሱን አርሳለሁ አለ። ሴትዮዋ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ የሞላው።

ሊሄዱ ሲነሡ ሰውየው ደረጃው ላይ ቆም ብሎ፣ እንደ ማፈር እያለ፣ "ያ ካፖርት ግን…" አለ። "የወንድሜ ነበር። ለማስታወሻ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ሌላ አላሰብኩም ነበር።" ነጠላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጉሙ ውስጥ የሚጠብቀው መንገድ ረጅም ነበር።

አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። ከምስማሩ ላይ የራሱን ካፖርት፣ ያለችውን አንዷን ካፖርት፣ አውርዶ ይዞ ወጣና ሰውየው ትከሻ ላይ ደረበለት። "የወንድምህን የቆረጥሁት እኔ ነኝ" አለው። "ይህን ልበስ።" ሰውየው አይሆንም ብሎ ሊያወልቅ ታገለ፤ አባቴ እንደ ደንበኛ ዞር አድርጎ ትከሻውን አየለትና "ልክህ ነው" አለው።

ሦስቱ ከዓይን ሲጠፉ እናቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። "ወራሹ ሰውዬ ክረምቱን በጋቢ ሊከርም ነው" አለች። ነገር ግን ስትል ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ፊቷንም ወደ ጓዳ አዞረች። እኔ ተናድጄ ነበር። ለሴትዮዋ ደስ ብሎኝ፣ በአባቴ ኮርቼ፣ በካፖርቱ ተናድጄ፤ ሦስቱም አንድ ላይ ነበሩ።

"ኦሮምኛህ የት ነበር እስከ ዛሬ?" አልኩት።

"ገበያ" አለና መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ በአማርኛ መስበኩን አልተወም፤ እኔም ከጎኑ መቆሜን አልተውኩም። ጥርሴን መንከስ ግን ቀነስኩ። ስለዚያ ስህተት አንድም ቀን አላነሣብኝም። እኔ ግን አልረሳሁትም። አባቴ ያን ቀን እኔን ለማዳን ያለውን የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ ቅቤ ይዛ ስትመጣ በረንዳው ላይ ታርፋለች፤ ልጆቿ እንዴት እንደሆኑ፣ አጎታቸው ገብሱን እንዳረሰላት ትነግረናለች። በደስታዋ ፊት ስቀመጥ አንድ ነገር ሰርቄ የሰጠኋት ያህል ይሰማኝ ነበር።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በነሐሴ፣ አባቴ ሞተ። ቆየት ያለ የኩላሊት ሕመም ነበረበት፤ ሐኪሙም እሱ ነው ብሎናል። ስለ ካፖርቱ አላሰብኩም ብል ግን ውሸት ነው። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር፤ እኛ አልሰማነውም። በግቢያችን ድንኳን ተተከለ። አጎቶቼ እንኳ መጥተው ከዳር ተቀመጡ፤ አለቀሱም።

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜ፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ከበረንዳው ሥር እንጨት ሲከምር አየሁ። አባቴ ነው። ለአንዲት ቅጽበት በፍጹም አልተጠራጠርኩም፤ ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር። ዞር ሲል ያ ረጅም ሰው ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሴትዮዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለቱ ልጆቿ አጫጭር ካፖርቶቻቸውን ለብሰው ነበር፤ እጅጌው አጥሯቸው አንጓቸው ይታያል። ያን ጊዜ መሸከም አቃተኝና ነገርኳት። "እትዬ፣ ያን ቀን ተሳስቼ ነው" አልኳት። "አባቴ ወራሾች ነበር ያለው። ተቆጥቼ፣ ተጣድፌ፣ ሌላ ቃል አወጣሁ። አታለልኩሽ።"

ገርሟት አየችኝ። "ልጄ፣ ቋንቋው እኮ የእኔ ነው" አለች። "ዳልቶታ ልትዪ ፈልገሽ ዳላ እንዳልሽ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ከንፈርሽን ስትነክሺ ደግሞ አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ካፖርቱን ስወስድ አባትሽን ጠየቅሁት። 'ልጅህ ያለችው እውነት ካልሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ እንዳልደገፍበት' አልኩት። መቀሱን አስቀምጦ አሰበ። ብዙ አሰበ። 'ተሳስታለች፣ ግን እውነት ነው። እሱን ይዘሽ ሂጂ' አለኝ። 'ለእሷ ግን እኔ ልንገራት፣ ጊዜው ሲደርስ' አለኝ። አልነገረሽም?"

"አልነገረኝም" አልኩ። "በኦሮምኛ ነው የተነጋገራችሁት?"

"በምን ልንነጋገር ኖሯል? አማርኛ የት አውቄ?" አለች። "አባትሽ እንደ እኛው ነው የሚናገረው። እንዲያውም እኛ ሴቶቹ ሁልጊዜ እንገረም ነበር። ራሱ መናገር ሲችል ልጁን እሑድ እሑድ ምን ያቆማታል እንል ነበር።"

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ እኔ የማየው አልነበረም። አራት ዓመት፣ ከዚያም ሁለት ዓመት። እሱ በአማርኛ አንዴ ይላል፤ እኔ በተጫወትኩበት፣ በተሳደብኩበት፣ ልቤ ባለበት ቋንቋ እደግመዋለሁ። ቃል ገብቷል። አያጥፍም። ወራሾች ናችሁ። በቤት ስንት ጊዜ ሲለኝ ጆሮዬን የነፈግሁትን ሁሉ፣ ሰው ፊት አቁሞ በራሴ አፍ አናግሮኛል። ለእነሱ አስተርጓሚ አላስፈለገም ነበር። የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር። ተናድጄም እንዳልኩት፣ ተሳስቼም እንዳልኩት፣ ዝም ብሎ ከጎኔ ቆሞ ጠብቆኛል።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ተጋበዘ። ኦሮምኛ አያውቅም። የጸሎት ቤቷ ሽማግሌዎች ሐዘንተኛ ነሽና ዛሬ ሌላ ሰው ያስተርጉም አሉኝ። እኔ እቆማለሁ አልኩ፤ ጥቁሬን ለብሼ በግራ በኩል በለመድኩት ቦታ ቆምኩ። ሴትዮዋ ከበሩ አጠገብ፣ በወንበሩ ጫፍ ላይ ነበረች። ሰውየው ደህና ሰባኪ ነው፤ ትንሽ ይጣደፋል። ወደ መሃል ሲደርስ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋና "እናንተ የእግዚአብሔር ወራሾች ናችሁ" አለ።

"ዳልቶታ" አልኩ። ከዚያ "ዳላም ናችሁ" ብዬ ጨመርኩ።

እንግዳው አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት መመለሴን ሲሰማ ዞር ብሎ አየኝ። ቀጥል ብዬ በእጄ አመለከትኩት።